ካምቢዮው ደህና ነበር

መጀመሪያ የታመመው መኪናው መስሎን ነበር።

ልጄ ደሳለኝ በያጅ ነው። ማታ ከብየዳ ቤቱ ሲመለስ ደባርቅ ካለው ቤታችን በታች ዳገቱ ላይ ማርሽ ይቀይራል። ያን ሰሞን ማርሹ ይንጫረር ጀመር፤ ብረት በብረት ሲፋቅ ያለ ድምፅ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ታግሎ ነው የሚገባለት። መንዳት አላውቅም። የእሱን መኪና ግን ስንት ዓመት በጭንቀት ስለጠበቅኩት ድምፁን ከሌላው ለይቼ አውቀዋለሁ።

ደሳለኝ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ያለው የመኪና ውድድር ላይ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የደባርቅና የዳባት ልጆች አሮጌ መኪኖቻቸውን ይዘው ዳባት አጠገብ አንድ የጠጠር መንገድ ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሽቀዳደማሉ። ዋንጫ የለው፣ ሽልማት የለው። ያሸነፈው ሳምንቱን ሙሉ ይፎክራል፣ የተሸነፈው ሳምንቱን ሙሉ ይሰደባል። በቃ ለዚህ ነው። እኔ ጠልቼው ኖሬአለሁ፤ አሁንም እጠላዋለሁ። ስለ ውድድሩ ደግ ነገር የሚፈልግ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይተወው።

መካኒኩ ታደለ የልጄ ጓደኛ ነው። መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ካምቢዮውን፣ ማርሹ ያለበትን ሳጥን ማለቴ ነው፣ አወረደው። ምንም አላገኘበትም። ገጠመው። ድምፁ ያው ነው። እንደገና አውርዶ የፍሪሲዮኑን ሸራ ቀየረ። አሁንም ያው። ፍሪሲዮን ማለት ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ነው።

እነሱ መኪናውን ሲፈቱ ሲገጥሙ ደሳለኝን ራስ ምታት ይዞት ነበር። ጧት ጧት ይብስበታል። አስፕሪን ይውጥና ይወጣል። ጫማውን ስጠርግ ግራው ብቻ ከአፍንጫው ተፍቆ አገኘሁት። ጋራዡ ድረስ ሄድኩ።

«ታደለ፣ መኪናውን ተወውና ልጄን እየው። ግራ እግሩን ይጎትታል።»

«ኧረ እማማ! ዳባቶቹን ፈርቶ ነው የሚጎተተው» ብሎ ሳቀ።

ደሳለኝም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጎረቤቴ የዳባት ሰው ዓይን ነው አለችኝ። ጸበል ልውሰድህ ብለው፣ ሐኪም ቤት ልውሰድህ ብለው፣ ሁለቱንም «ከእሁድ በኋላ» አለ። እሁድ ጌትነት ከሚባለው የዳባት ልጅ ጋር ይወዳደራል። ብለምነው ተቆጣ፤ ባለቅስ በሩን በላዬ ላይ ዘግቶ ሄደ።

እሁድ በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው ይጮኻሉ። የልጄን መኪና በር ከፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ውረጂ።»

«አልወርድም።»

«ሰው እያየን ነው!»

«ይየን።»

ጌትነት በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ደሳለኝ፣ ጡት ሳትጥል ነው እንዴ የመጣኸው?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

«አንተ አፍህን ዝጋ! ልጄ ታሟል!» አልኩት።

«እማማ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ ይልቅ። ክብደት ጨምረውለታል፣ አባረውም አይደርሱብኝ!»

ሂዱ ተባለ። ጌትነት አቧራውን ለቆብን ሄደ። የእኛ ዘሎ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ደሳለኝ አስነሳው። እንደገና ዘሎ ጠፋ። ወደ እግሩ አየሁ። ግራ እግሩ ከፍሪሲዮኑ ላይ ወርዷል።

«እግርህን አንሳ።»

«ረግጬዋለሁ።»

አልረገጠም። እግሩ ወለሉ ላይ ነው። አላወቀም።

ከዚያ አስታወከ። በሩን አልከፈተም። ጭኑ ላይ ነው ያስታወከው። ሳቁ ቆመ።

ዳባት ጤና ጣቢያ ተሸክመው አስገቡት። ባለሙያው ዓይንህን ጨፍን፣ ሁለቱንም እጆችህን ወደ ፊት ዘርጋ አለው። ቀኙ ቆመ። ግራው ቀስ እያለ ወረደ። «ዛሬውኑ ጎንደር ይሂድ። እዚህ አያድርም» አለ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል። በር ላይ የቆመው የጌትነት መኪና ነው።

«ግቡ» አለ ጌትነት።

ሌላ አማራጭ ቢኖረኝ አልገባም ነበር። የልጄን ራስ በጭኔ ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ እየጣለው ነው። ስጠራው ቃሉ ይጎተታል። ጌትነትን ቀስ በል ስለው ዝም ይበሉ ይለኛል፤ ፍጠን ስለውም ዝም ይበሉ ይለኛል። እየተሰዳደብን ጎንደር ገባን።

ሲቲ ስካን ተነሳ። ሐኪሙ ሥዕሉን አሳየኝ። «ሰብዱራል ሄማቶማ ይባላል። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ተጠራቅሟል፤ አንጎሉን ወደ ጎን ገፍቶታል። ባለፉት ሳምንታት ራሱን ተመቶ ነበር?»

እኔ የማውቀው ነገር የለም። ጌትነት መሬት መሬት እያየ መለሰ። «ባለፈው ሰሞን ስንሽቀዳደም መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ ራሱን በሩ መታው። ደም ስላልነበረ ስቀን አለፍነው።»

«ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው» አለ ሐኪሙ። የሚወስደውን መድኃኒት ጠየቀ። አስፕሪን ስለው ፊቱ ተለወጠ። «አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። አብሶበታል።»

ጌትነትን ከኮሪደሩ ሂድልኝ ብዬ አባረርኩት። አልሄደም።

ልጄን ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። ራስ ቅሉ ሁለት ቦታ ተበሳ። ደሙ በቱቦ ወጣ። እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜ ነበር። መቀመጥ አልቻልኩም። ጸሎትም ጠፋኝ። ሐኪሙ ሲወጣ «እንደ ተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠቁሮ ነው የወጣው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አይነቃም ነበር» አለኝ።

ነቃ። ቃሉ ጥርት ብሏል። «እማ፣ መኪናዬን ማን አነሳት?» አለ። ስለ እኔ አልጠየቀም። በጥፊ ልለው ፈልጌ እጁን ስሜ ተውኩት።

ቤት ከገባን በኋላ መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ፣ ከዚያ የእኔን ትከሻ ይዞ፣ በመጨረሻም እኔን በክርኑ እየገፋ ግቢውን መዞር ጀመረ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሰጠው ላስቲክም እግሩን ያሠራ ነበር። ታደለ ደግሞ አንድ ቀን የአሮጌ መኪና ፍሪሲዮን መርገጫ ከነሞላው ጣውላ ላይ ገጥሞ አመጣለት። ልጥለው ተነስቼ ነበር፤ ባለሙያው አይቶ ከላስቲኩ ይሻላል ስላለ ተውኩት፣ ልጄም ጠዋትና ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያንን ብረት ሲረግጥ ጉልበቱ ከቀኙ ጋር እኩል እየሆነ መጣ።

ለክትትል ስንመለስ ሐኪሙ «መንዳቱን ወደፊት መርምረን እንወስናለን። ውድድር ግን በቃህ። ያ ራስ ሁለተኛ መመታት የለበትም» አለው። ደሳለኝ «አንቺ ነሽ ያስባልሽው» አለኝ። እኔ አይደለሁም፤ ግን ቁልፉን የደበቅኩት እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። የዳባቱን የጤና ባለሙያና የጎንደር ሐኪሞችን አመሰግናለሁ። ጌትነትንም አመሰግነዋለሁ፤ አልወደውም። ድምፁ የመጣው ፍሪሲዮኑን አጥብቆ ከማይረግጠው ከልጄ እግር ነበርና፣ ታደለ ካምቢዮውን ሁለት ጊዜ ማውረዱን ሲያስብ አሁንም ፊቴን ቀና ብሎ ማየት አይችልም። አይየኝ።

እንደ እኔ ለምትጨነቂ እናት ይህን እላለሁ። ልጅሽ ራሱን ከተመታ ደም አላየሁም ብለሽ አትቀመጪ። ሳምንታት ካለፉ በኋላም ቢሆን ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስታወከ፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ቃሉ ከተጎተተ ያን ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው። አስፕሪን በራስሽ አትስጪው። ጸበል ከወሰድሽውም ሐኪሙን አትተዪ። ሞኝ ነሽ ይሉሻል፣ ሟርተኛ ይሉሻል፣ በሰው ፊት ይስቁብሻል። ይሳቁ። ልጅሽም ይጣላሽ።

የእኔው እስካሁን አኩርፎኛል። እራቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። እኔም ከኋላው ተቀምጬ ጎርሶ ሲውጥ አያለሁ። የሚያኮርፍ በሕይወት ያለ ሰው ነው።