ያለ ሴት እጅ የቆሙ ቤቶች

ኦሞ ሞልቶ መንደራቸውን ካጠፋባቸው የዳሰነች ቤተሰቦች ጥቂቶቹ ወይጦ አጠገብ እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጂንካ እየወረድን ቤት የምንሠራላቸው በጎ ፈቃደኞች መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ነበርን። እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ የኮሚቴውም ጸሐፊ ነበርሁ። ቲሸርታችን ከቆርቆሮው በፊት መታዘዙን ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ቤቶቹን በገመድ ለክተን እንደ መማሪያ ክፍል በመደዳ ገተርናቸው። ምስማር የሚመቱት ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይመለከቱናል። የሥራ ባልደረባዬ የሆነው ሰብሳቢያችን በገዛ ደግነቱ እየረካ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ ይል ነበር። በዳሰነች ባህል ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ቤቱም የእርሷ ነው። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ያልተናገርሁት ስብሰባው እንዳይረዝም ብዬ ነው።

በርክክቡ ዕለት አንዲት የሦስት ልጆች እናት የደረሳትን ቤት ውስጡን ዞራ አየችና አስተርጓሚያችንን አንድ ነገር ጠየቀቻት። አስተርጓሚያችን የዚያው አገር ልጅ የሆነች ነርስ ናት።

«ይህን የሠራችው የትኛዋ ሴት ናት? ገና እየተማረች መሆን አለበት፣ ትላለች» አለችን።

ወንዶቹ ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቀም።

በሳምንቱ ስንመለስ ቤቱ አልነበረም። ሴትዮዋ አፍርሳው፣ ቀጫጭን እንጨት አጉብጣ ተክላ፣ ቆርቆሮውን ከቆዳ ጋር ያለበሰችው ዝቅ ያለ ክብ ጎጆ ሠርታለች። ልጆቿ ውስጡ ተኝተዋል። እኛ በሠራናቸው ቤቶች የገቡት ጎረቤቶቿ ሙቀቱን ሸሽተው ደጅ ተቀምጠዋል።

ሰብሳቢው በዚያ ቀን ሥራችንን ሊያሳያቸው እንግዶች ይዞ መጥቶ ነበርና ፊቱ ጠቆረ። ስሟ ከእርዳታ ዝርዝሩ እንዲሰረዝ፣ ቆርቆሮውም እንዲመለስ ወሰነ። ዱቄት የሚታደለው በዚያ ዝርዝር ነው።

«ዶክተር፣ ንብረት አጥፍታለች ብለሽ ያዥልኝ» አለኝ።

ውሳኔው ሲተረጎምላት ሴትዮዋ አልለመነችም። ቆርቆሮውን ራሷ አውርዳ እግሩ ሥር ደረደረችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ተናገረች። ነርሷ ስትተረጉም ዓይኔን ሸሸች።

«አንቺም ቤት መሥራት አትችይም ወይ? ትላለች።»

ቃለ ጉባኤውን ገለጥሁ። «ተረጂዋ የተሰጣትን ንብረት ሆን ብላ አጥፍታለች» ብዬ ጻፍሁ። «ሆን ብላ» የሚለው ከሰብሳቢው አፍ አልወጣም። እኔ ነኝ የጨመርሁት፤ ያለ እርሱ ዓረፍተ ነገሩ የጎደለ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ የጎበጡትን እንጨቶች ነቅላ፣ አስራ፣ በጀርባዋ አዘለቻቸው። ልጆቿን አስከትላ ወደ ኦሞ በሚወስደው መንገድ ሄደች፤ ወንዙ እንዳልጎደለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኛም መኪናችን ውስጥ ገባን። ሰብሳቢው ከፊት ወንበር ዞሮ ስለ ድካማችን አመሰገነን፤ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።