አምስት ኮከብ የሰጠሁት ካሲኖ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሞኒካ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝና «በይ ተጫወቺ» አለችኝ። ስታትስቲክስ ተምሬ፣ አዲስ ኮት ገዝቼ፣ በትራም ተጋፍቼ ሜልቦርን መሃል ከተማ የገባሁት ለዚህ ነበር።

ድርጅታችን የኢንተርኔት ካሲኖዎችን ፈትሾ ለአንባቢ ኮከብ ይሰጣል። የእኔ ድርሻ ስዊፕስቴክስ የሚባሉት ናቸው። ተጫዋቹ የሚገዛው ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን ሳንቲም ነው፤ በላዩ የሽልማት ሳንቲም ይመረቅለታል። በሽልማቱ ሳንቲም ካሸነፈ በገንዘብ ያስለውጣል። እኔ እንደ ተጫዋች እመዘገባለሁ፣ ምራቂውን እቀበላለሁ፣ ደንቡን አነባለሁ፣ ክፍያ እጠይቃለሁ። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ «ኦዲት ነው የምሠራው» አልኳት። ኮምፒውተሩ በየደቂቃው የሚያጨበጭብለት ኦዲተር ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ቀስ በቀስ ልቤ አበጠ። ሰርግ ላይ ስለ ሥራዬ ስጠየቅ «ፍትሐዊነት እመዝናለሁ» እል ጀመር። ባለቤቴ ዮናስ ይህን በሰማ ቁጥር የጎረሰው ትን ይለዋል።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ መኮንን አስኮት ቬል ሰፈር ያለውን ቤታችንን አንኳኩ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ አንቺ አምስት ኮከብ የሰጠሽው ነው። ለልጅ ልጄ ላፕቶፕ የሚገዛ አሸንፌ ነበር፤ አንከፍልም አሉኝ።»

«ደንቡን አንብበውት ነበር?»

«አንቺ አንብበሽልኝ የለ?»

ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አውስትራሊያ የሚኖር ሰው ሽልማት ማስለወጥ አይችልም ይላል። ሲመዘገቡም ሆነ ሳንቲም ሲገዙ የት እንደሚኖሩ የጠየቃቸው የለም። የተጠየቁት ክፍያ ላይ ሲደርሱ ነው። እኔ የፈተሽኩት በድርጅቱ የአሜሪካ አካውንት ስለነበር ወዲያው ተከፈለኝ። ያንን መስመር አይቼዋለሁ፤ እኔን ስላልነካኝ አልፌዋለሁ። «ደንቡ ግልጽ ነው» ብዬም ጽፌያለሁ። የእሳቸውን ፊት ማየት አቃተኝ።

ሰኞ ለሞኒካ ነገርኳት።

«ለማስታወቂያ የሚከፍሉን እነሱ ናቸው» አለች። «ኮከቡ ይውረድ ካልሽ ደውለሽ ራስሽ ንገሪያቸው።»

ደወልኩ። የካሲኖው ሰውዬ በትሕትና ግምገማዬን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ፤ «ደንቡ ግልጽ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ። በሕይወቴ ጽሑፌን እንዲያ በጥንቃቄ ያነበበው ሰው የለም።

«ግልጽ ከሆነ ሳንቲሙን ከመሸጣችሁ በፊት ለምን አትጠይቁም?» አልኩት።

«ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ» አለ።

ኮከቡን አወረድኩ፤ የትኛውን መስመር አይቼ ዝም ብዬ እንዳለፍኩም ጨምሬ ጻፍኩ። እነሱ ማስታወቂያቸውን አነሱ፤ ሞኒካም ለጊዜው ሰላምታዋን ነፈገችኝ። ጋሼ መኮንን ሽልማቱን አላገኙም። ለሳንቲም ያወጡት ግን ከብዙ ኢሜይል በኋላ ተመለሰላቸው።

«አሁን ስንት ሰጠሻቸው?» አሉኝ።

«አንድ።»

«አንዱስ ለምን?»

«ኮምፒውተሩ ባዶ አይቀበልም ጋሼ።»

ለአዲስ ገምጋሚዎች የምነግራቸው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ክፍያ የሚከለክለውን አንቀጽ ፈልጉ። ከዚያ ተጫዋቹ መቼ እንደሚነገረው እዩ። ከከፈለ በኋላ ከሆነ፣ ምራቂው የቱንም ያህል ቢበዛ ፍትሐዊ አይደለም።