ለሙሽራው አክስት የጻፍኩት ስም

የባሌ ወንድም ጣሂር የበደለኝ ባሌ በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን በቤቷ ተቀምጣ ኢዳዋን ትቆጥራለች። እኔን ግን ኢዳዬን ሳልጨርስ ሠላሳ አንድ ሜይ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን አስወጣኝ። «አንቺ ሐበሻ ነሽ፤ ከአያትሽ በላይ ስም መቁጠር አትችዪም፤ ልጅም አልወለድሽልን። ምናችን ነሽ?» አለኝ፤ ያውም ቤተሰቡ ድሬዳዋ በስደት ሳለ እኛ ሰፈር በተማረው አማርኛ።

ይህን ላገኘሁት ሁሉ ተናግሬያለሁ። የሚቀጥለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ በሱጁዴ ላይ እንኳ ስሸሸው ኖሬያለሁ።

አማቴ አባባ ዩሱፍ ያን ቀን በረንዳው ላይ ነበሩ። ልጃቸው ሲያባርረኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከጣሂር ይልቅ ያቃጠለኝ ያ ነው፤ ለማንም ያልነገሩትን የነገሩኝ ለእኔ ነበርና።

እዚህ ከድንበር ማዶ፣ በባለቤቴ አገር፣ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የአባቶቹን ስም ይቆጥራል። አባባ ዩሱፍ ግን የአባታቸው አስመስለው የሚቆጥሩት የእናታቸውን አባቶች ነበር። የወለዳቸው በእንግሊዞች ጊዜ መንገድ ሊቀይስ የመጣ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሳይወለዱ ሄደ። የቀረላቸው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ኪልጎር። ቢሮ ስሠራ ስለኖርኩ እንግሊዝኛ አነባለሁ። «ልጄ፣ የማን ልጅ ማለት እንደሆነ ፈልጊልኝ» አሉኝ።

ፈለግሁ። የማንም ልጅ ማለት አልነበረም፤ ስኮትላንድ ውስጥ ፋይፍ በሚባል አውራጃ ያለ ቦታ ነው። ድሮ እዚያ ሰው በያዘው መሬት ይጠራል፤ የኪልጎር ሰው ይሉታል። ልጆቹ መሬቱን ለቀው ሲበተኑ ስሙ ተከትሏቸው ሄደ፤ ቦታውን አይተውት የማያውቁ ሁሉ ይጠሩበታል። በጥንቱ ቋንቋቸው የፍየል ጫካ ማለት ነው ይላሉ፤ እርግጡን ያወቀ ግን አላገኘሁም።

አባባ ዩሱፍ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፍየሉስ ደርሶኛል፤ ጫካው የታለ?» አሉ። ቀጥለው «ይሄ ካንቺ እንዳይወጣ» አሉኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩ።

ከቤቱ በተባረርኩ በዓመቱ የጣሂር ልጅ ሂባ ታጨች። የሙሽራው አክስት እዚሁ ከተማ ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ድረስ መጣች። «እህቴ፣ ቤተኛ ነበርሽ» አለችኝ። «ሽማግሌው ሲቆጥሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይፈጥናሉ። እዚያ ጋ ማን ነው ያለው?»

አላውቅም ማለት ያቅተኝ ነበር? ማን አስገደደኝ? ወረቀት አወጣሁ። ስሙን ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ፣ በገዛ እጄ። እንዳትሳሳት ቀስ ብዬ አነበብኩላት። የፍየሉንም ነገር ጨመርኩላት፤ ሳቀች፣ አብሬያት ሳቅሁ። ስጽፍ ይታየኝ የነበረው የጣሂር ፊት ነው። በእጄ ያደገችው የሂባ ፊት ለምን አልታየኝም? አውቄ ነው ያላየሁት።

የአባት ዘሩ የማይቆጠር ቤት ነው ተብሎ ሰርጉ ቀረ። ጣሂር ሰፈሩን ሁሉ ጠረጠረ፤ እኔን ግን አልጠረጠረም፤ ምስጢሩ እኔ ጋ እንዳለ አያውቅማ። የሚያውቁት አባባ ዩሱፍ ብቻ ናቸው። ስሜን አላነሱም። ሰው መሃል ተቀምጠው አባቶቻቸውን መቁጠርም ተዉ።

ሂባ እስከ ዛሬ አላገባችም። በየጁምዓው ክፍሌ ትመጣለች። «አክስቴ፣ እኔና አንቺ ከአንድ ቤት ተጥለን የቀረን ነን» ብላ ትቀልዳለች፤ ፀጉሬን ሂና ትቀባኛለች። በሩን በምን እጄ ልዝጋባት? ድሬዳዋ ልመለስ ብላት «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። የት ልግባ? ፀጉሬን ይዛ ከኋላዬ ስትቀመጥ አንገቴን እንኳ ማዞር አልችልም።

የጣሂር በደል የእኔን በደል አያጥበውም፤ ይህን አውቃለሁ። ጣሂርን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። አንተም የምታነበው፣ አንቺም የምታነቢው፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የማለት መብት ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ እሷን አልጠየቅኋትም።

አባባ ዩሱፍ ባለፈው ረመዳን ማግስት ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። ስወጣ ጣሂር በሩ ላይ ቆሞ «ቂም ሳትይዢ መጣሽ፤ አላህ ይስጥልኝ» አለኝ።

«አሚን» አልኩት። ባጃጅ ይዤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።