ከቀሚሴ ጋር የተሰፋው ደሪቶ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ብርድ ልብሶቻችንን ለተፈናቃዮች ሰጥተው ጨረሱና፣ «በይ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ደሪቶ እንሰፋለን» አሉኝ። እኔ መርፌ ይዤ አላውቅም ነበር። ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስታገል ተኩስ ቀረበ። ለመሸሽ ብድግ ስል ደሪቶውም አብሮኝ ተነሳ፤ ለካ ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼዋለሁ!

«አባባ፣ መቀስ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጊዜ የለም፣ ሩጪ! እግረ መንገድሽን ጎዳናውን ትጠርጊዋለሽ» አሉኝ።

ውርጌሳ ስንደርስ ስፌቴን በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው፣ «ያ ረቢ! ይኸንንስ መትረየስም አይፈታው» ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። አብሮን የሸሸው ሰው ሁሉ ፍርሃቱን ትቶ ሳቀ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሌላ ደሪቶ ጀመርኩ። ትናንት ቀጥ ያለ መስመር ወጣልኝና፣ «አባባ፣ ይዩልኝ!» ብዬ ዞርኩ። ወንበራቸው ላይ የጨርቅ ክምር ብቻ ነበር።