መጋዙ ሩብ ሲገባ

የእህቴ ባል አናጢ ነው። ሰፈሩ «አፍንጫው» ይለዋል። አፍንጫው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ትልቅስ ትልቅ ነው፣ ግን በዚያ አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ የእንጨት ፍቅፋቂ ብትሰጡት አንዴ ማግ ያደርግና «ጥድ ነው፤ ያውም ሳይደርቅ የተሰነጠቀ» ይላል። እህቴ ሙሽራ ሳለች «እኔንስ አሽትተህ ነው የመረጥከኝ?» ብትለው፣ «አንቺማ ወይራ ነሽ፤ ምስጥ አይደፍርሽም» ብሏታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንጨት ሲስት አላየሁም። ዛፍ ግን፣ አሁን ሳስበው፣ በቁሙ ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር።

ግቢያችን ስድስት ቤት ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ከጥላው ሥር ልብስ አጣቢዋ ሳፋዎቿን ደርድራ ትውላለች፤ ፊት ለፊቷ የእህቴ ባል እንጨት የሚሠራበት ክፍል ነው። ዛፉ በበጋ ቅጠሉን ያራግፍና ዝናብ ሲመጣ ይለብሳል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ጥቂት ጠብ ጠብ ሲል የጎረቤት ዛፎች አቆጠቆጡ፤ የእኛው ግን ራቁቱን ቀረ። በዚያ ላይ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ወድቆ የግቢውን ባለቤት ቆርቆሮ ጎዳው። ሴትዮዋ ደነገጡ። «ሞቶ ቢሆንስ? ነገ ግንዱ ቢወድቅብንስ?» አሉ። ታዲያ ማን ይጠየቅ? አፍንጫው!

ሰው ሁሉ ከቦት እያየው የወደቀውን ቅርንጫፍ አነሳ፣ ቀጭ አደረገና አሸተተው።

«ሞቷል» አለ።

ልብስ አጣቢዋ ከሳፋዋ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ግንዱን ጫር አድርገው ይዩት እንጂ። የወደቀማ መድረቁ መች ይቀራል? ዛፍ ውሃ ሲያጣ ቅጠል ሳያወጣ አድፍጦ ይተኛል እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስለ ሳሙና አስተምሬሽ አውቃለሁ?»

ግቢው በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ወደ ልብሷ አጎንብሳ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለች፤ ለራሷ ያህል፣ ግን ሰማናት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰው የሚስበውን ትልቁን መጋዝ አመጣን። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። መጀመሪያ የቅርፊቱ ቡናማ ብናኝ ወጣ። ከዚያ ብናኙ ነጣ፣ ራሰ፣ ጫማዬ ላይ እንደ ሊጥ ተለጠፈ። የእህቴ ባል አፍንጫው ሲነፋ አየሁት። መጋዙ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

ወደተሰበሰበው ሰው አየ። «ምንም። ሳብ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። ሳብኩ።

ዛፉ ሲወድቅ ፀሐይ ግቢው ላይ ዘፍ አለች። የግቢው ባለቤት «እጅህ ይባረክ» አሉት። እኔ ነገር የማይገባኝ ደግሞ ጉቶው ላይ ተንበርክኬ ቀለበቶቹን መቁጠር! ሰባ አንድ ናቸው። ዝናብ የጠገበበት ዓመት ሰፊ፣ የተጠማበት እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ቀጫጭኖች ተከታትለው አየሁ። የሦስት ዓመት ድርቅ ያለፈ ዛፍ ነው። ጣቴ እርጥብ ሆነ። ልብስ አጣቢዋም መጥታ መዳፏን ጉቶው ላይ አሳረፈች፤ በቀሚሷ ጠረገችና ሳፋዎቿን ወደ አጥሩ ጥግ አጋዘች።

የእህቴ ባል ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እህቴ «ምነው?» ስትለው «አፍንጫዬን ዘጋኝ» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ሰው ከሥራ ሲመለስ ግቢውን ሰበሰበ።

«ዛፉ አልሞተም ነበር» አለ። ድምፁ አይሰማም፤ ጮክ ብሎ ደገመው።

«ተው አንተ ደግሞ» አሉ የግቢው ባለቤት፣ «ማንም ይሳሳታል።»

«መሳሳቴን አይደለም የምነግራችሁ። የዛፍ ነፍሱ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ ሽፋን ናት፤ መሃሉ ተሸካሚ አጥንት ነው። መጋዙ ሩብ ሲገባ ሽታው ነገረኝ። ያኔ ባቆም ከአራት ሦስቱ እጅ ደህና ነበር፤ ይተርፍ ነበር። እናንተ ፊት ማፈር ፈራሁና ጨረስኩት።» ወደ ልብስ አጣቢዋ ዞረ፣ ግን ቀና ብሎ አላያትም። «አንቺ ነግረሽኝ ነበር።»

«እሱንማ በእጄ ነክቼ አውቄዋለሁ» አለች። «እኔን ያቃጠለኝ ግቢውን ሁሉ በእኔ ማሳቅዎ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ከሳቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

የአጥሩ ጥላ እንደ ዛፍ ጥላ አይደለም። ጠዋት ከወዲህ ነው፤ ቀትር ላይ ይጠፋል፤ ከሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ይወጣል፤ ልብስ አጣቢዋም ሳፋዎቿን ይዛ ትከተለዋለች። በማግስቱ ቀትር ላይ የእህቴ ባል መላጊያውን አስቀመጠና ወደ እሷ ተሻግሮ፣ ውሃ የሞላውን ሳፋ በአንድ ወገን ያዘ።

«ይተዉት» አለችው።

አልተወውም። ተሸክመው በበሩ ዞሩና ከወዲያ አስቀመጡት። በሁለተኛውም ቀን መጣ፤ በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ጎንበስ ሲል አየችው።

«በዚያኛው በኩል ይያዙ» አለች፤ «ይሄኛው እጀታው ተሰብሯል።»