ወንድሜን በኮከብ ላስቀረው ስሞክር

ታላቅ ወንድሜ ዲማ በሚባለው የወርቅ ማውጫ ወርቅ እያጠበ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ባለፈው በጋ ከጓደኞቹ ጋር የቆፈረው ጉድጓድ ተደርምሶ እግሩን ሰበረውና ጋምቤላ፣ እናታችን ቤት ተኝቶ ከረመ። ክራንቹን ጥሎ መራመድ በጀመረ ሰሞን ወደዚያው ሊመለስ ሻንጣውን ማዘገጃጀት ያዘ። እናታችን ብትለምነው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት፤ እኔን ጠራችኝ። «የተማርከው አንተ ነህ፤ አስቀርልኝ» አለች።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ነገር ሲጨንቀኝ ማስተማር እጀምራለሁ፤ አመሌ ነው።

ባሮ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወርቅ የሚያጠራበትን ማግኔት ሲወለውል አገኘሁት። ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ፈልቅቆ ያወጣው ነው። አሠራሩን ድሮ አሳይቶኛል። በፌስታል ይጠቀልለውና ደረቁ አሸዋ ላይ ያዞረዋል፤ ብረት ያለበት ጥቁሩ አሸዋ ይጣበቅበታል፣ ወርቁ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ማግኔቱን ከፌስታሉ ሲያወጣው የተጣበቀው ይረግፋል። ጀማሪ የረገፈውን ወዲያው ይደፋዋል። ወንድሜ ግን ደግሞ ያጠራዋል፤ የወርቅ ብናኝ አብሮ ይሄዳላ።

«ከዚህ የባሰ ማግኔት ሰማይ ላይ አለ» አልኩት። ማግኔታር ስለሚባለው የሞተ ኮከብ ነገርኩት፤ ከፀሐይ ይከብዳል፣ ስፋቱ ግን ከዚህ ኢታንግ የሚያደርሰውን መንገድ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመን ሰው በማግኔቱ ብቻ ይበታትነዋል። አንዳንዴ ደግሞ በኃይል ይፈነዳል፤ በምድር ካለው ወርቅ ጥቂቱ ከእንዲህ ያለው ፍንዳታ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ አጥኚዎች።

«እንግዲህ የምታሳድደው የዚህን ጉድ ፍርፋሪ ነው» አልኩ። ሐሳቤ ማስፈራራት ነበር።

ዓይኑ በራ። «ቲቸር፣ እውነትህን ነው? እኔ እኮ አፈር የምቆፍር መስሎኝ ነበር!» ብሎ ጭኑን መታ። ዲማ ያሉ ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰበ ብቻውን ሳቀ። ላስፈራራው ብዬ ጭራሽ አኮራሁት።

ቱግ አልኩ። «የምን ኮከብ! ብትሞትብኝስ? እፈራለሁ እኮ!» በዚህ ዕድሜዬ እፈራለሁ ማለቴ አሳፈረኝ።

ሳቁን ተወው። ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ሲያልፉ እጃቸውን አነሱልን፤ እሱ አላያቸውም።

«ይህን ለማለት ነው ሰማይ ድረስ የሄድከው?» አለኝ።

የተሰበረ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ቀስ ብሎ ዘረጋው።

«ዘንድሮ አልሄድም። የከርሞውን አትጠይቀኝ» አለ። ደግሞም ወደ ወንዙ እያየ፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹መልካም መንገድ› እያልክ ስትሸኘኝ፣ ብሄድም ብቀርም ግድ የሚሰጥህ አይመስለኝም ነበር» አለኝ።

ማግኔቱን አነሳሁና እሱ ከተወበት መወልወል ጀመርኩ።