የባለ ሁለት ቁልፉ አደራ

አዳማ መጥታችሁ ኢስሃቅን በስሙ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ አይገኝም። «ሁለት ቁልፍ» ያላችሁ እንደሆነ ግን ማንኛውም ባጃጅ ነጂ በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። ሱቁን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል፤ ብስክሌቱን በሁለት ሰንሰለት ያስራል፤ ምድጃ ማጥፋቱን ከመንገድ ተመልሶ ያያል። አባቱ ከወሎ መጥተው እዚህ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰው ሰዓት ጠፍቶባቸው አያውቅም። ልጅየው የወረሰው መፍቻቸውን ሳይሆን ጭንቀታቸውን ነው።

ራዲዮ በመጠገን ጀመረ፤ ኮምፒውተር ተማረ፤ ሞጆ ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት ሰርቨር ክፍል ስድስት ዓመት ሠራ። ከዚያ አንድ ያገለገለ ሰርቨር ገዝቶ በሱቁ ጓዳ አስቀመጠና የሰው ፋይል ጠባቂ ሆነ። ፎቶ ቤቶች የሠርግ ቪዲዮ፣ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ውጤት እሱ ዘንድ ያኖራሉ። ሰዉ ኢስሃቅን የሚያምነው በማሽኑ አይደለም፤ በቁልፎቹ ነው።

ሰርቨሩ ስምንት ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ዲስክ የሚያቀርብ ካርድ ነበረው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ካርዱ የጠፋውን ከቀሩት አስልቶ በአዲስ ዲስክ ላይ መልሶ ይጽፈዋል። ይህ ለሌላ ሰው ይበቃ ነበር። ኢስሃቅ ግን በካርዱ ላይ ደግሞ ዘመናዊ ፋይል ሲስተም ጫነበት፤ የተጻፈውን ሁሉ በምልክት የሚያስር፣ ባነበበ ቁጥር ምልክቱን የሚያመሳክር፣ የተበላሸ ካገኘ ከሌላ ዲስክ አምጥቶ የሚያድን። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ እጁን አራገፈ።

የሞጆ ባልደረባው ሉሊት ይህን ስታይ አልሳቀችም። ሉሊት ሰርቨር በመትከል አሥራ አምስት ዓመት የቆየች፣ ነገር የማታሳምር ሴት ናት።

«ያንተ ጠባቂ ሌባውን ያያል እንጂ አይዘውም» አለችው። «ስምንቱን ዲስክ ካርዱ ደብቆበታል፤ ለእሱ የሚታየው አንድ ብቻ ነው። የተበላሸውን ከየት አምጥቶ ይተካው? ካርዱን ከመሃል አውጣና ዲስኮቹን ለእሱ ስጠው።»

ኢስሃቅ ሳቀ። ከሁለት ጠባቂ አንዱን አባር ማለት ለእሱ ከሁለት ቁልፍ አንዱን ጣል ማለት ነበር። ሁለቱን ባላ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በአንዱ ጫፍ ላይ እንደተከለ አልታየውም። ያን ሳቁን ባሰብኩት ቁጥር ይከፋኛል።

ከአምስት ዓመት በፊት ኦቦ ጆቴ የሚባሉ ሽማግሌ ከቡልቡላ መጡ። እዚያ ሁለት ቤተሰቦች ከብት ወደ ሐይቁ በሚወርድበት መንገድ ተጣልተው ሰው ሞቶ ነበር። ኦቦ ጆቴ በዚያ መሬት ላይ ስንዝር ድርሻ የላቸውም፤ ስለዚህ ወሰኑን በእግር ሄዶ መለየት በእሳቸው ላይ ወደቀ። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ግራር ጥላ ሳይነሱ፣ ሽማግሌው በትር ይዘው ወሰኑን በቃል እየጠሩ፣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ከኋላቸው እየቀረጸ እስከ ውሃው ወረዱ። የተገደለው ልጅ እናት አዴ ቀመሪያ ይቅር ያሉት በዚያ ቃል ላይ ነው። ወረቀት አይጻፍ ተባለ፤ መሐላ በወረቀት አይታሰርም። ቪዲዮውም ሁለት ቅጂ እንዳይኖረው ተማማሉ፤ አንዱ ወገን ቆርጦ ለራሱ እንዳያደርገው ፈርተው ነው። ታዲያ ከሁለቱም የማይወለድ ሰው ሲፈለግ ኢስሃቅ ተገኘ።

ኦቦ ጆቴ የካሜራውን ሚሞሪ በመዳፉ አስቀምጠው ጣቶቹን ራሳቸው አጠፉለት።

«ዘመዳችን አይደለህም፤ የመረጥንህ ለዚህ ነው» አሉት። «አንድ ይሁን፤ ቅጂ አይኑረው። አደራ።»

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ኢስሃቅ የሌላውን ደንበኛ ፋይል ሁሉ ቅጂ ቤቱ በሌላ ዲስክ ያስቀምጣል፤ የቡልቡላውን ግን ቃሉን አክብሮ፣ ሚሞሪውን ደምስሶ፣ በሰርቨሩ ላይ ብቻ አኖረው።

ባለፈው መጋቢት አንድ ዲስክ ሞተ። አዳማ ሙቀቱ በበረታበት ወር ነው። ኢስሃቅ አዲስ ዲስክ ተካ፤ ካርዱ መልሶ መጻፍ ጀመረ። በዚያው ቀን መብራት አራት ጊዜ ሄደ፤ በሦስተኛው፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ ደከመ፤ በአራተኛው ሁሉም ጸጥ አለ። ካርዱ ላይ መብራት ሲጠፋ ያልተጻፈውን ይዞ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ አለ። ያ ባትሪ በሙቀት አብጦ ከሞተ ቆይቷል፤ የምድጃውን እሳት ሁለት ጊዜ የሚያየው ሰው ያንን አንድ ጊዜም ከፍቶ አላየውም።

መብራቱ ሲመለስ ካርዱ ሥራውን ጨረሰና ስምንቱም ዲስኮች አረንጓዴ አበሩ። ኢስሃቅ አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሁለተኛውን ጠባቂ ጠየቀ፤ ፋይል ሲስተሙ ሁሉንም እንዲያመሳክር አዘዘው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሦስት ፋይሎች ስም ወጣ፤ ተበላሽተዋል፤ መጠገን አይቻልም። ሁለቱን ከቤቱ ቅጂ መለሳቸው። ሦስተኛው የቡልቡላው ነበር።

ካርዱ ደህና ነኝ ይላል፤ ፋይል ሲስተሙ ሞቷል ይላል። ኢስሃቅ በአረንጓዴዎቹ መብራቶች ፊት ቆሞ ለሉሊት ደወለላት።

ሉሊት ከሞጆ መጣች። «ነግሬህ ነበር» አላለችም፤ ይህን ሳልጽፍላት አላልፍም። ሊነበብ የሚችለውን ሁሉ ለቀመችለትና ቪዲዮውን ከፈቱት። ኦቦ ጆቴ በትራቸውን ያነሳሉ፤ «ከዚህ ግራር ተነስታችሁ» ይላሉ፤ ምስሉ ይቆማል። ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ ሲመለስ ሽማግሌው ውሃው ዳር ቆመው ይመርቃሉ።

በዚያው ሳምንት አዴ ቀመሪያ ደወሉ። ሐይቁ ሸሽቶ አዲስ መሬት ወጥቷል፤ ግራሩን የማይታወቅ ሰው ቆርጦ ከሰል አድርጎታል፤ የሁለቱ ወገን ልጆች መጎሻሸም ጀምረዋል። ኦቦ ጆቴ ካረፉ ዓመት አልፏል፤ ቪዲዮ አንሺውም ዓረብ አገር ነው። «ሰኞ ሁላችንም እንመጣለን» አሉ። «የኦቦ ጆቴን ቃል አሰማንና እንረፍ።»

ሉሊት ማሽኑ ተቃጠለ በል፣ ሁሉም ጠፋ በል አለችው። አንድ ቀን ሙሉ አሰበበት። አባቱን አሰበ፤ መዋሸት አቃተው።

ሰኞ ረፋድ ላይ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ሚኒባስ መጣ። አካም ጅርቱ ተባብለው ሰላምታ ተለዋወጡ። በአንድ ወገን የተገደለው ልጅ ወንድም ሞቲ፣ በሌላው የገዳዩ የወንድም ልጅ ጋዲሳ፣ በመሃል አዴ ቀመሪያ ተቀመጡ። ኢስሃቅ ስለ ባትሪውም ስለ ካርዱም፣ ስለ ራሱም ጥፋት፣ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ የቀረውን አሳያቸው።

በትሩ ተነሳ። ምስሉ ቆመ። ምርቃቱ መጣ።

ሞኝነቱ የገባው ያኔ ነው። ሁሉም ቢቃጠል ኖሮ የአላህ ሥራ ነው ብለው ይሄዱ ነበር። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ የወሰኑ ቃል ብቻ ሲጎድል ግን ማንም መብራት ጠፍቶ ነው አይልም፤ መቀስ ነው ይላል።

ሞቲ ወደ ኢስሃቅ አልዞረም። የሚያየው ጋዲሳን ነበር፤ ጋዲሳም እሱን። አምስት ዓመት ተኝቶ የነበረው ነገር በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ ኢስሃቅ ቆሞ አየው።

«ማነው ያስቆረጠህ?» አለ ሞቲ፤ ዓይኑን ከጋዲሳ ሳያነሳ።

ኢስሃቅ ማንም አላስቆረጠኝም አለ፤ በአባቱ መቃብር ማለ። የሰማው የለም። አዴ ቀመሪያ ተነስተው አጠገቡ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንተን ክፉ አልልህም» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን እኔ አንድ ልጅ ነው የቀረኝ።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ኢስሃቅ እስከ ደጃፉ ሸኛቸው። የሞቲ ወገን አዴ ቀመሪያን ደግፎ በመጡበት ሚኒባስ ተሳፈረ፤ ጋዲሳና ዘመዶቹ በእግራቸው ወደ መናኸሪያው ሄዱ፣ ሌላ መኪና ሊፈልጉ።